በኅዳግ የጻፉት መምህር፤ የመምህር ሰንበታ ባጫ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከአዳማና ከዙሪያዋ፣ ከሞጆ፣ ከመቂና ከዝዋይ ባሕር ዳር፣ እንዲሁም በትናንቱ ባቡር ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ የመምህር ሰንበታ ባጫን አስከሬን ለአፈር ከመስጠታችን በፊት፣ በዚህ ዓለም የቆዩበትን የኀምሳ ሰባት ዓመት ዘመን ባጭሩ ታደምጡ ዘንድ ቤተሰባቸው ይለምናል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውና የሚያነበው የእኅታቸው ልጅ ወዬሳ ሲሆን፣ ከባለቤታቸውና ከደቀ መዛሙርታቸው ጠይቆ ያረጋገጠውን ብቻ አስፍሯል፤ ሟቹ ያልተረጋገጠ ነገር ጽፎ በሰው ፊት መቆምን አጥብቀው ይጠሉ ነበርና።

መምህር ሰንበታ ከአባታቸው ከአቶ ባጫ ሆራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ደበሌ በ1868 ዓ.ም. በዝዋይ ባሕር ዳር ተወለዱ። አባታቸው ከደንገል በተሠራ ታንኳ እህልና መንገደኛ ወደ ደሴቶቹ የሚያሻግሩ፣ ነፋስ በበረታበት ቀን እንኳ ሰው ጥለው የማይመለሱ ብርቱ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ አንድን ወሬ ከሁለት ከሦስት ሰው ሳይሰሙ ለጎረቤት የማያቀብሉ ጥንቁቅ ሴት እንደ ነበሩ በአገሩ ይነገራል። ሰንበታም በቤት ኦሮምኛ፣ በደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ግእዝ፣ በመቂ ገበያ ዐማርኛ እየሰሙ አድገው፣ ሦስቱንም ቋንቋዎች የትኛው አፍ መፍቻቸው እንደ ሆነ እስከማይለይ ድረስ አሳምረው ይናገሩ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በታንኳቸው አሻግረው ለደሴቱ መምህር ሰጧቸውና ከፊደል እስከ ዳዊት፣ ከዳዊት እስከ ጾመ ድጓ ተማሩ። ከዚያም ቅኔ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተው፣ በዕውቀታቸው በተከበሩ በጠባያቸው ግን በተፈሩ አንድ የኔታ እግር ሥር አራት ዓመት ተቀመጡ። እኒያ የኔታ ተማሪው የተቀኘውን ሰምተው ስሕተት ያገኙበት እንደ ሆነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ሂድ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይጨምሩም ነበር። ሰንበታም ያችን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተው፣ ስሕተታቸውን ብቻቸውን ፈልገው እያገኙ በማግሥቱ እየተመለሱ ተመረቁ፤ ማስተማር ማለትም እንዲህ ያለው ነገር ነው ብለው አምነው ወጡ። ያ እምነት ኋላ ያመጣባቸውን ነገር ቀጥለን እናያለን።

በ1896 ዓ.ም. ወደ ድሬ ዳዋ ወርደው በባቡሩ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ሆነው ሲቀጠሩ፣ ከሥራ በኋላ እየተማሩ ፈረንሳይኛን ጨመሩ። በ1899 ዓ.ም. የሞጆዋን ተወላጅ ወይዘሮ ዘርፉ ወልደ ጊዮርጊስን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሙሉአለም የምትባል ሴት ልጅና በቅድመ አያቱ ስም ሆራ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። ሐዲዱ ወደዚህ አገር ከዘለቀ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው ወደ አዳማ ተዛወሩ። ቤታቸውን ከጣቢያው ጀርባ ሠርተው ገና ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1910 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሆራ በዘጠኝ ዓመቱ በወባ ተይዞ በስድስተኛው ቀን ዐረፈ። መምህር ሰንበታ ከልጃቸው ሠልስት በኋላ ወደ ሥራቸው ተመልሰው፣ የሆራን ስም ለዓመታት በአፋቸው አላነሡም።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው በ1914 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። ዛሬ በመካከላችን የቆመው ሰብስቤ ነገሩ ሳይሸፈን እንዲነገር ራሱ ስለ ጠየቀ እንደ ሆነው ይነገራል። ሰብስቤ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ በአዲሱ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማረ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሲሆን፣ ከአዳማ በታች በአዋሽ ዳር በጨፌው አጠገብ የሰፈሩት ሰዎች በየዓመቱ በመኸር ወራት በወባ የሚያልቁበትን ምክንያት መርምሮ እንዲጽፍ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተልኮ መጣ። ሁለት ወር ተቀምጦ አርባ ሦስት ገጽ ጻፈ። ወደ አለቆቹ ከመላኩ በፊትም፣ በከተማው የታወቁት የተማሩ ሰው መምህር ሰንበታ ነበሩና፣ «እባክዎን ይመልከቱልኝ» ብሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

መምህር ሰንበታ ጽሑፉን ሦስት ቀን ይዘውት ሰነበቱ። ሰብስቤ በሽታው የሚመጣው ከጨፌው ሽታ ነው፣ ሰዎቹም የሚሞቱት ንጽሕና ስለማያውቁ ነው ብሎ፣ አብዛኛውን ከፈረንሳይኛ መጻሕፍት ቀድቶ ጽፎ ነበር። እርሳቸውም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀይ ቀለም እየሰረዙ ወርደው፣ በግርጌው «ይህ ከወንበር ሳይነሡ የተጻፈ ነው፤ ለማንም አይጠቅምም» የሚል ቃል ጻፉበት። በአራተኛው ቀን ተሳፋሪውና ሠራተኛው በተሰበሰበበት በጣቢያው በረንዳ ላይ ሰጡት። ሰብስቤ ቆሞ አንብቦ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀዶ ሐዲዱ ላይ ጣለውና ሄደ። ለመሥሪያ ቤቱም ሥራውን መልቀቁን ጽፎ ላከ።

መምህር ሰንበታ ግን እርሳቸው ወደ የኔታቸው ይመለሱ እንደ ነበረው ሁሉ ጎልማሳውም በማግሥቱ ይመለሳል ብለው ጠበቁ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ የመጣ የለም። በሁለተኛው ወር ነገሩን ለባለቤታቸው ቢያነሡላቸው፣ ወይዘሮ ዘርፉ የሚፈትጉትን ስንዴ አስቀምጠው «ከአርባ ሦስቱ ገጽ አንድ ደግ ነገር አልነበረበትም?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«ነበረበት» አሉ።

«ታዲያ ደግ መሆኑን የት ላይ ጻፉለት?»

«አልጻፍኩለትም።»

«እሱስ በምን ይወቀው?» አሉና፣ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሆራን ሞት ነው በዚያ በሰው ልጅ ላይ ያወረዱበት» አሏቸው።

ወይዘሮ ዘርፉ ለዚህ ጽሑፍ እንደ ነገሩን፣ መምህር ሰንበታ ይህን ሲሰሙ ወደ ውጭ ወጥተው በአጥሩ ጥግ ብዙ ቆሙ። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ሲያለቅሱ ያዩዋቸውም የዚያን ቀን ነበር።

በዚያው በሰኔ ወር ፈቃድ ጠይቀው፣ በቅሎ ጭነው፣ በዝናብ በሞጆና በዓለም ጤና በኩል ሁለት ቀን ተጉዘው መቂ ገቡ፤ ሰብስቤ እዚያ ከአቶ አብዱልጀባር የቆዳ መጋዘን ተቀጥሯል የሚል ወሬ ሰምተው ነበርና። ሲደርሱም ጎልማሳውን ከጭነት ሠራተኞቹ ጋር ቆዳ ሲያስከምር አገኙት። አቶ አብዱልጀባር ታላቅ ሰው መምጣቱን አይተው ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ይቀመጡ ብለው ቢለምኗቸው፣ እርሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሠራተኞቹ መካከል እንደ ቆሙ፣ «ልጄ፣ ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ልጠይቅህ መጥቻለሁ» አሉት።

ሰብስቤ ደንግጦ፣ «ጌታዬ፣ እውነቱን ነው የጻፉት፤ እኔ ከወንበር አልተነሣሁም ነበር» አላቸው።

«ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተነሥተሃል» አሉት፤ ከደረታቸውም ኪስ በገዛ እጃቸው የጻፉትን አንድ ወረቀት አወጡ። የተቀደደውን ጽሑፍ መመለስ ባይቻል፣ ያችን አንዲት ገጽ ከትዝታቸው ገልብጠዋት ነበር። በዚያች ገጽ ላይ ሰብስቤ፣ ከብቶቿን ይዛ ወደ ጉብታው ከወጣች ወዲህ ከቤቷ ሰው እንዳልታመመ በተሰባበረ ዐማርኛ የነገረችውን አንዲት ሴት በሁለት መሥመር ብቻ ጠቅሶ አልፏት ነበር። «ይህች ሴት ማን ናት? ሌላስ ምን አለችህ? ለምን ሳትጠይቃት አለፍክ?» ብለው ጠየቁት። ቋንቋዋን ስለማያውቅ መሆኑን ሲነግራቸው፣ «ቋንቋውን እኔ አውቃለሁ፤ አብረን እንሂድ» አሉት። ሰብስቤ በሦስተኛው ቀን ተከትሏቸው ወደ አዳማ ተመለሰ።

ከዚያ መስከረም ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ ወደ ጨፌው እየወረዱ፣ ከዚያችው ከጉብታዋ ሴት ጀምረው ቤት ለቤት መጠየቅ ያዙ። መምህር ሰንበታ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ አውግተው፣ ሰው ልቡን ሲከፍት ብቻ ወደ ጥያቄው ይገቡ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ሳምንት የቀበሩ አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው፣ «እናንተ ሙታናችንን የምትቆጥሩት ማን ሞቶባችሁ ነው?» ሲሉ አገዷቸው። ሰብስቤ ቃሉ ባይገባውም ቁጣው ገብቶት ወደ ኋላ አለ። መምህር ሰንበታ ግን በቆሙበት ሆነው፣ «ልጄ ሆራ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በስድስተኛው ቀን ነው የሞተብኝ» ብለው መለሱላቸው። ሴቲቱም ጥቂት አይተዋቸው ከበሩ ገለል አሉና አስገቧቸው። ሰብስቤ በመንገድ ላይ ምን እንደ ተባባሉ ጠይቆ ሲነግሩት፣ የዚያ ሁሉ ቀይ ቀለም ምክንያት ያን ጊዜ ገባው፤ እስከ ከተማም ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ።

በዚያ መኸር በጨፌው ጠርዝ ካሉት ሰባ አንድ ቤቶች ሠላሳ ስምንቱ ሰው ሲሞትባቸው፣ በጉብታው ላይ ካሉት አርባ አራት ቤቶች ግን አምስቱ ብቻ ሐዘን እንደ ደረሰባቸው አረጋገጡ። ሰብስቤ ጽሑፉን አራት ጊዜ እንደገና ጻፈ፤ መምህር ሰንበታም አራት ጊዜ አነበቡ። ነገር ግን ቀይ ቀለሙን ከዚያ ወዲህ አልነኩትም። በእርሳስ ብቻ፣ በኅዳጉ፣ በገጹ ዳር ባለው ባዶ ስፍራ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ የሚጽፉትም በአብዛኛው ጥያቄ ነበር፦ «ይህን ያየኸው ራስህ ነህ ወይስ ነግረውህ ነው?»፣ «ይህ ሰው ሌላ ምክንያት ቢኖርስ ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?»፣ «እዚህ ላይ አልገባኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል»። ከሁሉ አስቀድመውም በሌላ ወረቀት ጽሑፉ እርሳቸውን ያስተማራቸውን ነገር ዘርዝረው ይጽፉ ነበር። ሰብስቤ በእርሳስ የሚጽፉት ስለምን እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው፣ «ካልተስማማህ እንድትፍቀው ነው» አሉት።

ጽሑፉ በ1916 ዓ.ም. ለዚያው መሥሪያ ቤት ተልኮ መልስ ሳይመጣ ወራት ቢያልፉ፣ መምህር ሰንበታ ወደ ኦሮምኛ መልሰው፣ የጨፌው ሽማግሌዎች ለጉባኤ በተቀመጡበት በግራሩ ጥላ ሥር ለአንድ ሙሉ ቀን አነበቡላቸው። ሽማግሌዎቹም የየቤታቸውን ሙታን በቁጥሩ ውስጥ እያገኙ አደመጡ፤ ተመካክረውም ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ቤታቸውን እያፈረሱ ወደ ጉብታው ወጡ። በ1917 ዓ.ም. መኸር ከወጡት ቤተሰቦች ሁሉ የሞቱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቀድሞ በራቸው ላይ ያገዷቸው እናት በዚያ ዓመት ለመምህር ሰንበታ ቤት አንድ ቅል እርጎ ይዘው መጥተው ነበር፤ ዛሬም ከለቀስተኞቹ መካከል ናቸው።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ከአዲስ አበባም ከአርሲም አዲስ ተማሪዎችና ጀማሪ መርማሪዎች ጽሑፋቸውን እየያዙ ይመጡ ጀመር፤ በባቡርም እያሸጉ ይልኩላቸው ነበር። ሕዝቡ የጣቢያውን ጸሐፊ «መምህር» ብሎ መጥራት የጀመረውም ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ነው። ስማቸው በጽሑፉ ላይ እንዲጠቀስ የጠየቃቸውን ሁሉ «ሥራው የአንተ ነው፣ ወቀሳውም የአንተ ይሁን» እያሉ ይከለክሉ ነበር።

ሁልጊዜ ትክክል እንደ ነበሩ ብናወራ ግን እርሳቸውን መዋሸት ይሆናል። በ1919 ዓ.ም. ከአርሲ የመጣው የወሎ ነጋዴ ልጅ ደሊል፣ በዐረብኛ ትምህርት ያደገ ጎልማሳ፣ ስለ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃዎች አንድ ጽሑፍ አቀረበላቸው። በዐማርኛው እያፈረ ሲያቀርብ፣ «አሳብህን በሚቀናህ ቋንቋ ጻፈው፤ ዐማርኛውን አብረን እንፈልግለታለን» ብለው አበረታቱት። ደሊል በጽሑፉ አንድ ክፍል ላይ፣ የብዙ የሸለቆው ልጆች ጥርስ ቡናማ የሚሆነው ከሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ የተነሣ ነው ብሎ ነበር። መምህር ሰንበታ ይህ ከዘር የሚወረስ እንጂ ከውኃ የሚመጣ አይደለም ብለው፣ ክፍሉ ቢወጣ እንደሚሻል በኅዳጉ ጻፉለት። እርሳቸው ራሳቸው ጥርሳቸው ቡናማ እንደ ነበረ የምታውቋቸው ሁሉ ታስታውሳላችሁ።

ደሊልም ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብሎ፣ «መምህር፣ ሌላውን ሁሉ አርማለሁ፤ ይህን ግን አላወጣውም» አላቸው። ሰብስቤም ሌሎችም በተቀመጡበት እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም ነበር። መምህር ሰንበታ ፊታቸው ቢለዋወጥም፣ «እንግዲያው አስረዳኝ፤ እኔም እጠብቃለሁ» አሉት። ደሊል አንድ ዓመት ሙሉ ከመቂ እስከ ዝዋይ ሲዞር ከርሞ፣ ከአንድ አባትና እናት ተወልደው ከፊሉ የጉድጓድ፣ ከፊሉ የወንዝ ውኃ እየጠጡ ያደጉ የዐሥራ አንድ ቤተሰብ ልጆችን ነገር ጽፎ ተመለሰ። ጉድጓድ የጠጡት ጥርሳቸው ቡናማ ሲሆን፣ ወንዝ የጠጡት ወንድሞቻቸው ጥርስ ነጭ ነበር። መምህር ሰንበታ አንብበው እንደ ጨረሱ፣ እርሳቸው በአባታቸው ቤት የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በደሴት በአክስቷ ዘንድ የባሕሩን ውኃ እየጠጣች ያደገችውን ነጭ ጥርስ ያላትን እኅታቸውን፣ የዚህን አንባቢ እናት፣ አስታወሱና በሣቅ ፈረሱ። «ኀምሳ ዓመት ሙሉ ማስረጃውን በአፌ ይዤ ነው የተከራከርኩህ!» አሉት። በጽሑፉም አናት ላይ፣ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም፣ «በዚህ ነገር እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ደሊል ትክክል ነው» ብለው ፈረሙበት። ደሊል ያን ወረቀት ዛሬም እንደ ያዘው ነው።

ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓይናቸው በሞራ እየተጋረደ ሄዶ በዓመቱ ማንበብ ተሳናቸው። ያን ሰሞን ለማንም ሳይናገሩ ብዙ አዘኑ፤ የመጡላቸውንም ጽሑፎች ሳይከፈቱ መልሱ ብለው ነበር። ልጃቸው ሙሉአለም ግን አልመለሰችም። ከፊታቸው ተቀምጣ አንዱን ፈትታ ማንበብ ጀመረች፤ እርሳቸውም ከሦስተኛው ገጽ ላይ ሳይታወቃቸው «ቆይ፣ እዚያ ላይ መልሰሽ አንብቢልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ እርሷ እያነበበች፣ እርሳቸው እየተናገሩ፣ በኅዳጉ የሚጻፈው የእርሷ እጅ ጽሕፈት ሆነ። ኋላም ሳይናገሩ የሚጠይቁትን እያወቀች የራሷን ጥያቄ ትጨምርበት ነበር፤ አንዳንዱንም ሲሰሙ «ይህስ የእኔ አይደለም፤ ከእኔ ይሻላል» ይሏት ነበር።

በያዝነው በ1925 ዓ.ም. ጥር ወር በጎን ውጋት ታመው ተኙ። ሰብስቤ መታመማቸውን ሰምቶ ሲመጣ አዲስ የጻፈውን ይዞ ነበር፤ ሊያደክማቸው ፈርቶ ግን ከሻንጣው አላወጣውም። እርሳቸው ግን የወረቀቱን ድምፅ ሰምተው ኖሮ፣ «ምንድን ነው የደበቅኸኝ?» ብለው አስነበቡት። ሁለት ማለዳ አዳመጡት። በሁለተኛው ማለዳ ከአንድ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ «አልገባኝም፤ ድገመው» አሉት። ሰብስቤ ደገመው። «አሁንም አልገባኝም» አሉት። ሦስተኛ ሊያነብ ጀምሮ አቆመና፣ «መምህር፣ ለእኔም አልገባኝም ለካ» አላቸው። መምህር ሰንበታም እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ያዙና፣ «እንግዲህ ብቻህን ማየት ችለሃል» አሉት። ስለ ጽሑፍ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ንስሓቸውን ተናዝዘው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ የካቲት 3 ቀን ማለዳ በባለቤታቸውና በልጃቸው መካከል ዐረፉ።

መምህር ሰንበታ ባጫ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘርፉ ወልደ ጊዮርጊስን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ሙሉአለምን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እኅታቸውንና ልጆቿን፣ እንዲሁም በሥራቸው ላይ የመምህሩ ስም ያልተጻፈ፣ እጃቸው ግን ያለፈበት ከሠላሳ የሚበልጡ ወጣት መርማሪዎችን ትተው አልፈዋል። በጠረጴዛቸው ላይ ተነብበው ያላለቁ አራት ጽሑፎች አሉ። የጽሑፎቹ ባለቤቶች ከሠልስት በኋላ መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ እስከ መጨረሻው እንዲነበብለት የሚሻ ቢኖር ግን ወይዘሮ ሙሉአለም ከመጪው ሰኞ ጀምራ ንባቡን የምትቀጥል መሆኗን ቤተሰቡ ያስታውቃል።

በሩቅም በቅርብም ያላችሁ፣ በየእምነታችሁ ጸሎት ይዛችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ሁሉ፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። የኀዘንተኞች አጽናኝ አምላክ ለወይዘሮ ዘርፉና ለወይዘሮ ሙሉአለም ብርታቱን ይስጥልን። በድለው ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ቀን በዝናብ የተጓዙትን አገልጋዩን እርሱም በይቅርታው ይቀበልልን፤ ከልጃቸው ከሆራ ጋር ያገናኝልን፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።